የጠቆምኩበት ጥግ

ያ ሁሉ በረዶ የት መጣል ነበረበት? ጥያቄውን መጀመሪያ ያቀረበልኝ አንድ የበረዶ ጠራጊ መኪና ሹፌር ነው፤ እሱም በአፉ አልጠየቀኝም። መስኮቱን ዝቅ አድርጎ፣ ጓንት ያጠለቀ መዳፉን ወደ ላይ ገልብጦ፣ ቅንድቡን ከፍ አደረገ። እኔም ጠቆምኩት። ከዚያ ወዲህ ብዙ አንብቤያለሁ፣ የሚያውቁ ሰዎችንም ጠይቄያለሁ። ያን ዕለት ወዴት ብጠቁም ይሻል እንደነበር ግን ዛሬም አላውቅም።

ያኔ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ የአንድ ገላጣ ፓርኪንግ ካሸር ነበርኩ። ውሎዬ መስታወት በመስታወት የሆነች፣ እኛ ቡዝ የምንላት ጠባብ ዳስ ውስጥ ነው፤ እግሬ ሥር ትንሽ ማሞቂያ፣ ጉልበቴ ላይ መጽሐፍ። ኮሌጅ የገባሁት እኩዮቼ ልጆቻቸውን በሚያስመርቁበት ዕድሜ ስለሆነ፣ መኪና ያልመጣበትን ደቂቃ ሁሉ ሳነብ እውል ነበር። ሱፐርቫይዘሬ ያገሬ ሰው ነው። ሳነብ ስለሚያየኝ «ፕሮፌሰር» እያለ ይጠራኛል፤ ግማሹ ቀልድ ነው፣ ግማሹን አላውቅም።

ፓርኪንጉ ከምኖርበት አፓርታማ ጀርባ፣ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ነው። መጨረሻው ጥግ ላይ አጥር አለ፤ ከአጥሩ በታች መሬቱ ያዘቀዝቃል፤ ቁልቁለቱ ሲያልቅ ለተከራዮች የተፈቀደች አንዲት ጠባብ የአትክልት ቦታ አለች፤ ከእሷ ቀጥሎ ጅረት። ከዚያች ቦታ ግማሹን የያዙት ከእኔ አንድ ፎቅ ዝቅ ብለው የሚኖሩ የወሎ እናት ነበሩ። ልጃቸው ናት የመምጫ ፕሮሰሳቸውን ጨርሳ ያመጣቻቸው፤ አረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ሁለት ሺፍት ትሠራለች። በልጃቸው ቤት ቁልፉም፣ ስልኩም፣ ቴሌቪዥኑም የልጃቸው ነው። ጎመኑ ግን የእሳቸው ነበር። በጋው ሲገባ እስላሙም ክርስቲያኑም በራቸውን ያንኳኳል፤ በክር የታሰረ ጎመን ታቅፎ ይሄዳል። «የሚሰጥ ሰው ጥገኛ አይባልም» ብለውኝ ነበር አንድ ቀን፣ እስሩን እጄ ላይ ሲያኖሩት።

በአንድ ሳምንት ውስጥ ሁለት ጊዜ የወረደውን በረዶ እዚህ የነበረ ሰው ሁሉ ያስታውሰዋል። አውቶቡስ ቆመ፣ ትምህርት ቤት ተዘጋ። እኔ ቅርብ ስለሆንኩ በእግሬ ሄድኩ። ዳሷ በር ላይ ጉልበቴ ድረስ ሰጥሜ ቆሜ ሳለ ስልኬ ጮኸ።

«ፕሮፌሰር፣ ደረስሽ?»

«ደርሻለሁ።»

«ጠራጊው እየመጣ ነው። ስፔሶቹን ክሊር ያድርግልን። የበረዶ ማቅለጫውን ጨው ደግሞ አትቆጥቢ። ሰው ስሊፕ አድርጎ ቢወድቅ ፍርድ ቤት ሱ የሚደረገው ማን መሰለሽ?»

«አንተ?»

«እኔማ ምን አለኝና። የምባረረው ግን እኔ ነኝ። ቀጥሎ አንቺ።»

ሹፌሩ መጥቶ መዳፉን ሲገለብጥልኝ ለመልሱ አልቸኮልኩም። እንዲህ ባለው ነገር ጥንቁቅ ነኝ። የአካል ጉዳተኞች ማቆሚያ ላይ እንዳይሆን፣ የእሳት አደጋ ሠራተኞች ውሃ የሚቀዱበትን ቧንቧ እንዳይሸፍን፣ መውጫው ጋ የሹፌሮችን ዓይን እንዳይከልል፣ የውሃ መውረጃውን እንዳይደፍን አሰብኩ። ከዚያ ክንዴን ዘርግቼ፣ ማንም የማያቆምበትን የመጨረሻ ጥግ አሳየሁት። ጎማ ስላለው ነገር ሁሉ አስቤ ነበር። ከአጥሩ በታች ስላለው አላሰብኩም፤ ነጭ ከመሆኑ በቀር የሚታይ ነገርም አልነበረበት። ጨውንም እንደታዘዝኩት አልቆጠብኩም። ከረጢቱ ላይ ያለውን ማሳሰቢያ አነበብኩና እጥፉን በተንኩ።

ሹፌሩ ቦታውን ስለለመደው በማግስቱ የሌሎች ፓርኪንጎችንም በረዶ እየጫነ እዚያው አራገፈ። ክምሩ አጥሩን አልፎ ወደ ቁልቁለቱ ተናደ። ሱፐርቫይዘሬ «ራስ ዳሸን እንዴት አደረ?» ይለኛል በየጠዋቱ። ፀሐዩ ሲበረታ ራስ ዳሸን ጠቆረ። ከሆዱ የማይወጣ ነገር አልነበረም፦ የወረቀት ኩባያ፣ የአንድ እጅ ጓንት፣ የመኪና መከላከያ ስባሪ፣ በኋላም ጎማው ያልወለቀ የሱፐርማርኬት ጋሪ። ከሥሩ የሚንጠባጠበው ውሃ ዘይት ለብሶ እንደ ቀስተ ደመና ያብረቀርቃል፤ እየተጥመለመለም በአጥሩ ሥር ሾልኮ ይወርዳል።

አንድ ቀን እኚያ እናት ባልዲና የቆሻሻ ማፈሻ ይዘው ወደ ፓርኪንጉ የሚያወጣውን ደረጃ ወጡ። የክምሩን ጥቁር ቅርፊት እየፈነቀሉ ከውስጥ ነጩን ይዝቁ ጀመር። ከዳሷ ወጣሁ።

«እማማ፣ ምን ያደርግልዎታል?»

«ለጎመኔ ነዋ። የቧንቧው ውሃ መድኃኒት መድኃኒት ይሸታል። ይኼ ከሰማይ የወረደ ነው ልጄ፣ የሰው እጅ አልነካውም። ቤት አቀልጠውና አጠጣዋለሁ።»

ትክክል መሰለኝ። ሁለተኛውን ባልዲ እኔ ሞላሁላቸው።

ቅዳሜ ቅዳሜ ስለ አካባቢ ሳይንስ የሚያስተምረን መምህር በዚያው ሰሞን ከየሰፈራችን አንድ አንድ ጠርሙስ ውሃ እንድናመጣ አዘዘን። እኔ ከክምሩ ግርጌ ቀዳሁ፤ ቦታውንና ሰዓቱን በደንብ ጽፌ ለጠፍኩበት። መምህሩ የጨው መለኪያውን ጠርሙሴ ውስጥ ሲነክረው ቁጥሩ ወጣ፣ ወጣ፣ መሣሪያው ሊያሳይ የሚችለው መጨረሻ ላይ ደርሶ ቆመ። መሣሪያውን ጠርጎ እንደገና ነከረው።

«ውቅያኖስ ዳር ነው እንዴ የምትኖሪው?» አለ። ክፍሉ ሳቀ፤ እኔም አብሬ ሳቅኩ።

ከየት እንደቀዳሁ ስነግረው ሳቁን ተወው። ጨው ብቻ አይደለም አለኝ፤ ከፍሬን የሚረግፈው ብናኝ፣ ዘይቱ፣ መንገድ ላይ የከረመው ሁሉ ከበረዶው ጋር ተዝቆ እዚያ ተከምሯል። አትክልት ቢጠጣውስ ብዬ ጠየቅኩ። «ጨው ባለበት መሬት ተክል ውሃ ውስጥ ቆሞም ይጠማል» አለ። ማጠብ ይቻል እንደሆነ ጠየቅኩ። በብዙ ንጹሕ ውሃ፣ ምናልባት። ታጥቦስ የት ይሄዳል? «ወደ ታች» አለኝና ወደሚቀጥለው ጠርሙስ አለፈ።

በማግስቱ ለእማማ ልነግራቸው ወረድኩ። እሳቸው መስኮት ላይ በእርጎ ኩባያ ያፈሉትን ችግኝ እያዛወሩ ነበር።

«ነይ እዪልኝ እስቲ። ዘንድሮ መሬቱ ጠግቦ ጠጥቷል፣ አልሐምዱሊላህ።»

አፌን ከፈትኩ። «ዛሬ ቅዝቃዜው በረታ» አልኩ።

ለምን እንዳልነገርኳቸው ብዙ ጊዜ ራሴን መርምሬያለሁ። ስለ ውሃው ከነገርኩ ስለ ክምሩ መንገር ሊኖርብኝ ነው፤ ስለ ክምሩ ከነገርኩ ስለ ክንዴ። ስለዚህ ለእሳቸው በመንገር ፈንታ ለሌላው ሰው ሁሉ ነገርኩ። ሱፐርቫይዘሬ ጋ ኮል አደረግሁ።

«ስኖው እኮ ነው፣ ፕሮፌሰር። ይቀልጣል።»

«መቅለጡ ነው ችግሩ።»

«እና ምን ላድርገው፣ ፍሪጅ ውስጥ ላስገባው?»

የሚመለከተው መሥሪያ ቤት ደወልኩ። አንዷ ቦታው የግል ነው ወይ ብላ ጠይቃ ወደ ሌላ አስተላለፈችኝ፤ ሁለተኛው ያንኑ ጠየቀኝ፤ ሦስተኛዋ የሰጠችኝ ቁጥር የመጀመሪያዋ ሆኖ ተገኘ። መጥቶ የሚያይ ሰው ቃል በተገባልኝ ጊዜ ክምሩ ቀልጦ ቀልጦ ፍራሽ አክሎ ነበር። በሳምንቱ እርጥብ አስፋልትና አንድ ቁና አሸዋ ቀረ። የመጣ ሰው የለም። ቢመጣስ ምን አሳየው ነበር?

ጎመኑ ከስቶ ወጣ። ቅጠሉ ዳር ዳሩን እሳት እንደላሰው ተጠበሰ፤ ቃሪያው አበባ ሳይዝ ቀረ። ጠዋት ጠዋት ሥራ ሳልገባ በፊት በወተት ጋሎን የቧንቧ ውሃ እያመላለስኩ መሬቱ ላይ አፈሰስኩ። እማማ ሳያዩኝ ነው። ያፈሰስኩት ዘልቆ ወደ ጅረቱ ሲወርድ አያለሁ፤ የእሳቸውን ላድን የማላውቀው ሰው ደጃፍ ላይ የምደፋው ይመስለኝ ነበር። እሱንም በሁለት ሳምንት ተውኩት። በሩን የሚያንኳኳውም ሰው አንድ ሁለቴ ባዶ እጁን ተመለሰና በዚያው ጠፋ።

አንድ ከሰዓት በኋላ መደቡ ዳር ተቀምጠው አገኘኋቸው።

«እጄ ነው» አሉኝ፣ መዳፋቸውን እያዩ። «ድሮ ደረቅ እንጨት ብተክል ይጸድቅ ነበር። ሰው ሲያረጅ መጀመሪያ የሚሞተው እጁ ነው።»

«ኧረ አይደለም፣ እማማ» አልኩ። እዚያ ላይ አቆምኩ።

በቀጣዩ ዓመት በረዶው ትንሽ ነበር። ያው ሹፌር መጣ፣ መስኮቱን ዝቅ አደረገ፣ መዳፉን ገለበጠ። ሁለት እጆቼን ካፖርቴ ኪስ ውስጥ ከተትኩ። ጥቂት ጠበቀኝ። ከዚያ ትከሻውን ነቅንቆ ወደዚያው ጥግ ገፋው። እማማ በዚያ ጸደይ ደግመው ዘሩ፤ ከበፊቱም የባሰ ሆነ። በሦስተኛው ዓመት አልዘሩም። ልጃቸው እዚሁ ቅርብ፣ ከወንዙ ማዶ ባለችው አሌክሳንድሪያ ቤት አገኘችና ይዛቸው ሄደች።

የነገርኳቸው እዚያው አሌክሳንድሪያ ነው፤ ሌላ ትልቅ በረዶ ከወረደ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ። ዳሌያቸውን ታመው ነበርና ልጠይቃቸው ሄድኩ። ቤቱ ሰባተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ከመስኮቱ ሥር ፓርኪንግ ይታያል፣ የፓርኪንጉ ጥግ ላይ የጠቆረ ክምር። ልጃቸው ለበረንዳው የሚሆን የእንጨት ሳጥን፣ አፈርና የጎመን ዘር ገዝታለች።

«እስቲ አንቺ ንገሪያት» አለችኝ። «ዶክተሩ እየተነሳች ሙቭ ታድርግ ብሏል። እኔን አልሰማ አለች።»

«ዘሩ ምን በደለ?» አሉ እማማ። «ከኔ እጅ አይበቅልም።»

ልጅየዋ ወደ ኩሽና ገባች። እኔ ዓይኔን ከታች ካለው ክምር ሳልነቅል ጀመርኩ። በቅደም ተከተል ነገርኳቸው፤ ሹፌሩን፣ መዳፉን፣ ጥጉን፣ እጥፍ የበተንኩትን ጨው፣ የሞላሁላቸውን ባልዲ፣ የመምህሩን መለኪያ። ምንም አላስቀረሁም።

እማማ ወደ እኔ ዞሩ።

«ስንት ዓመት ሆነው?»

«ስድስት።»

«ያኔ ብትነግሪኝ ሌላ መሬት እለምን ነበር። ከመንገዱ ማዶ አንዲት ባዶ ቦታ ነበረች።»



«ታዲያ የት ይጣል ኖሯል?» አሉ ቆይተው።

«አላውቅም፣ እማማ።»

«ይኼስ?» በአገጫቸው ወደ መስኮቱ አመለከቱ። «ከዚህ በታች የማን ነው ያለው?»

«እሱንም አላውቅም።»

«እስቲ እጅሽን አምጪ።»

ቀኝ እጄን ሰጠኋቸው። ድሮ ቅጠል በሚያዩበት ዓይን ፊቱንም ጀርባውንም አገላብጠው አዩት።

«ይቺ ናት የጠቆመችው?»

«እሷ ናት።»

«እኔ እኮ የራሴን ነበር ሳይ የኖርኩት» አሉና፣ እጄን መልሰው ጉልበቴ ላይ አስቀመጡት።