ከሳሙናው ላይ የወደቀው ጫፍ

ኤጭ! አሁንም ሳስበው ደሜ ይፈላል። ታላቅ እህቴ ሳሙና ፋብሪካ ውስጥ ሃያ ሁለት ዓመት ሠርታለች፤ የአስራ አራት አሻጊ ሴቶች አለቃ ናት። እኔም እዚያው ሚዛን ላይ ነኝ።

ባለፈው ወር አዲሱ ኢንጂነር በኮምፒውተር እቅድ አወጣ፦ የልብስ ሳሙና ይህን ያህል፣ የገላ ይህን ያህል፣ የእጅ ይህን ያህል። አሻጊዎቹ አልደረሱበትም። ሥራ አስኪያጁ ምን ቢል ጥሩ ነው? «ሰነፎች!» አስራ አራቱንም የሚያባርሩ ደብዳቤዎች አስጻፈ። እስቲ ማን ይሙት፣ ጣታቸው እስኪላጥ የሚሠሩት ናቸው ሰነፍ?

እህቴ እንደኔ አትጮህም። ገና ያልተቆራረጠ ትልቅ ሳሙና ተሸክማ ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ገባችና ጠረጴዛው ላይ ዱብ አደረገችው። ተከተልኳት።

«ከዚህ ጥግ ስንነሳ ርዝመቱ የልብስ ሳሙና፣ ወርዱ የገላ፣ ቁመቱ የእጅ ነው» አለች። «እዚህ ውስጥ ያለች እያንዳንዷ ነጥብ አንድ እቅድ ናት።» የልጇን የሒሳብ ደብተር ስታገላብጥ የገባት ነገር ነው። ይዛው የመጣችውን የሳሙና መቁረጫ ሽቦ አንስታ በሰያፍ ቆረጠች። «ይሄ ዘይቱ። ከዚህ ወዲያ ዘይት የለንም።» በሌላ ሰያፍ ደገመች። «ይሄ ደግሞ የሳሙና ማፍያው ጋን የሚሠራበት ሰዓት።» ከዚያ እዚያው ቆሞ ለነበረው ኢንጂነር የካርቶን ክዳን ሰጠችው። «እንደ እያንዳንዱ ሳሙና ትርፍ አዘንብለው፤ ዝንባሌውን ሳትቀይር ከላይ አውርደው። መጀመሪያ የሚነካው ነጥብ ብዙ የሚያተርፈው እቅድ ነው፤ የት ይነካል?»

«ጫፉን» አለ ኢንጂነሩ ፈገግ ብሎ። «እትዬ፣ የኔ እቅድ እኮ ይሄው ነው!»

«ጎሽ። የእኛን እጅስ የት ላይ ቆረጥከው?»

ፈገግታው ጠፋ። ለካ የማሸጊያ ሰዓት የሚባል ነገር ጭራሽ አላስገባም! እህቴ ሽቦውን ሳበችው፤ ያ ጫፍ ተቆርጦ ጠረጴዛው ላይ ወደቀ።

«ያዘዛችሁን እቅድ እዚህ ላይ ነው» አለች የወደቀውን እያሳየች። ወደ ሥራ አስኪያጁ ዞረች። «እርስዎ አንድ ሴት በቀነሱ ቁጥር ደግሞ ሽቦው ወደ ውስጥ ይገባል።»

ሰውየው ጣሪያ ጣሪያውን ያይ ጀመር። ኢንጂነሩ ክዳኑን እንደገና ሲያወርደው ሌላ ጫፍ ነካ፤ እቅዱ በዚያው ተስተካከለ። ደብዳቤዎቹ ተቀደዱ። ይቅርታ የጠየቀ ግን የለም!

በማግስቱ ለእህቴ ብቻ አንድ ደብዳቤ መጣ፦ «የፋብሪካውን ምርት ሆን ብለሽ በማበላሸትሽ የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ።» ልቀደው ስል እጄን ያዘችኝ።

«ተዪው፤ ሴቶቹ ሥራ ላይ ናቸው» አለችና ፈረመች። በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ ከዚያ ቢሮ በስሟ ደብዳቤ ሲጻፍላት ይህ የመጀመሪያው ነው።