ለእማማ ጥሩነሽ ያልተረጎምኩት ቃል

ይህን ለነፍስ አባቴ እንኳ ተናግሬው አላውቅም። ስንቴ ፊታቸው ተንበርክኬ ሌላ ሌላውን ስዘረዝር ይህችን ዋጥኳት!

አሜሪካ አገር፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ከተማ፣ አንድ ክሊኒክ ውስጥ አስተርጓሚ ነበርኩ። እማማ ጥሩነሽ የምርመራ ውጤት ሊሰሙ በከዘራ እየተደገፉ ገቡ። ልጃቸው ሰናይት በመኪና አምጥታቸው ውጭ ትጠብቃለች። ሐኪሙ ቀስ ብሎ አስረዳ፤ በሴሎቻችን ውስጥ የሚያስፈልገውን ሁሉ ከቦታ ቦታ የማጓጓዝ ሥራ አለ፤ ይህን ከሚመሩት ጂኖች አንዱ እሳቸው ላይ ተበላሽቷል፤ ስለዚህ እስከ እግር ድረስ የሚወርዱት ረጃጅም ነርቮች እየተጎዱ ነው። “በዘር ይተላለፋል፤ ልጃቸውም ትመርመር” አለ።

እኔ “የነርቭ ድካም ነው” ብዬ ተረጎምኩ።

እማማ ጥሩነሽ ትክ ብለው አዩኝ። “የኔ ልጅ፣ በዘር ነው እንዴ? ሰናይትን እንዳይዝብኝ!”

ጥያቄው ለሐኪሙ ነበር። እኔ ግን ራሴ መለስኩ፤ “ኧረ አይደለም፣ እማማ።” እጄን ስበው ሳሙኝ። ሐኪሙ ምን እንዳሉ ሲጠይቀኝ ደግሞ “ገብቷቸዋል፤ ለልጃቸው ይነግራሉ” አልኩት። ሁለቱንም ዋሸኋቸው።

ለምን? አዝኜላቸው ነው እያልኩ ስንት ዓመት ራሴን ሸነገልኩ! እውነቱ ግን ሲያለቅሱ ማየት ፈርቼ ነው። ከዚያች ክፍል ሳልጨነቅ መውጣት ፈልጌ ነው።

በቅርቡ እዚሁ አሜሪካ፣ አሌክሳንድሪያ በምትባል ከተማ፣ ሱቅ በር ላይ አንዲት ሴት አስቆመችኝ። ሰናይት ናት፤ ያኔ እናቷን እስከ መኪናው ስሸኝ ተያይተናል። ሁለቱም እግሮቿ ላይ የእግር መደገፊያ ብሬስ አስራለች።

“እግሬ መጎተት ሲጀምር ዲስክ ነው ብለው ጀርባዬን ሰርጀሪ አደረጉኝ፤ በከንቱ” አለችኝ። “ቤተሰብ ውስጥ አለ ወይ ሲሉኝ፣ የእናቴ በዘር አይደለም ተብሏል እላቸዋለሁ። ኋላ ጂኔ ሲታይ ያው የእሷው ሆኖ ተገኘ። ያ ሐኪም እግዜር ይይለት! አሁን ለልጄም ፈርቻለሁ።”

እኔስ ምን አልኩ? “ሰው ይሳሳታል” አልኩ። አዎ፣ እንዲህ ብዬ የእኔን በደል ሐኪሙ ላይ ጥዬ ቆምኩ። እሷ ግን አቅፋኝ ስልኳን ሰጠችኝ።

እስካሁን አልደወልኩም። ይህን ለእናንተ መናገሬ ለእሷ እንደ መናገር አይቆጠርልኝም። ብትምሩኝም ምሕረቱ የእሷ ነው፤ እሷን ደግሞ ገና አልጠየቅኋትም።