አልከፈትም ያለው ዲስክ

እኔ ስናደድ እጄ ከአፌ ይቀድማል። እናቴ ይህን ጠባዬን ልታስተወኝ ስንት ጊዜ ገርፋኛለች፤ የምትገርፈኝም የእሷም እጅ ስለሚቀድም ነው። ስለዚህ ዱላ አላውቅም ብዬ አልመጻደቅም። ግን ያን ቅዳሜ ጠዋት ኮዬ ፈጬ፣ በብሎካችን በር ላይ ያየሁትን ዓይነት ዱላ ከዚያ በፊት አይቼ አላውቅም።

የብሎካችን ውሃ መሳቢያ ሞተር ጠፋ። ላይኛው ፎቅ ያሉት ጠዋት ቧንቧ ሲከፍቱ ጠብታ የለም። ወርደው የሞተሩን ክፍል ቢያዩ ባዶ ነው። ማታ ተረኛ የነበሩት ሽማግሌው ጥበቃችን ናቸው፤ ኮንዶሚኒየሙ ሳይሠራ በፊት እዚሁ መሬት ላይ ጤፍ ያርሱ የነበሩ ሰው። "ለጥገና ነው የወሰዱት፣ እሁድ ይመልሱታል" አሉ። ማን ወሰደው ሲባሉ "ጸሐፊው ያመጣቸው ሰዎች" አሉ። የኮሚቴያችን ጸሐፊ ደግሞ ሌሊቱን ለቅሶ ተጠርቶ አገር ቤት ሄዷል፤ ስልኩ አይሠራም። የሽማግሌውን ቃል የሚያረጋግጥ ሰው ጠፋ፣ ዱላውም ተጀመረ።

እኔ ይህን ሁሉ የሰማሁት በኋላ ነው። መጀመሪያ የሰማሁት የቤቴ በር ሲደበደብ ነው። ስከፍት የኮሚቴው ሊቀመንበር ሃርድ ዲስክ ይዘው ቆመዋል። ቂሊንጦ ካሉት ፋብሪካዎች በአንዱ ኮምፒውተር እንደምጠግን ያውቃሉ።

"ሌባው እዚህ ውስጥ አለ። አውጪልን" አሉኝ።

ለካ ድብደባው መሀል አንዱ "ካሜራ አለ እኮ!" ብሎ ጮኋል። ሮጠው ሄደው መቅጃው እየሠራ ዲስኩን መንጭቀው አወጡት። መልሰው ሲከቱት መቅጃው "ፎርማት ላድርገው?" ብሎ ጠየቃቸው፤ ያኔ ደነገጡና ወደ እኔ መጡ።

ላፕቶፔ የሚሠራው ሊኑክስ በሚባለው ሶፍትዌር ነው። ዲስኩን ስሰካው አየው፤ መጠኑንም ነገረኝ። ማውንት አድርገው፣ ማለትም ክፈተውና ውስጡን አሳየኝ ስለው ግን እምቢ አለ፤ ሱፐርብሎኩ ተበላሽቷል አለኝ። ሱፐርብሎክ የዲስኩ መግቢያ ላይ ያለች፣ ምኑ የት እንደተቀመጠ የምትናገር ትንሽ ክፍል ናት። እሷ ከተበላሸች ቪዲዮው በሙሉ ውስጥ ቢኖርም መግቢያው አይገኝም።

የተጎዳ ዲስክ ላይ ዝም ተብሎ ጥገና አይጀመርም። መጀመሪያ እንዳለ ወደ ሌላ ቦታ ይገለበጣል፤ የሚጠገነው ግልባጩ ነው። ሥራዬ ያስተማረኝ ይሄን ነው። ለሊቀመንበሩ ግን ማስረዳት ስለሰለቸኝ "መጀመሪያ መነበብ አለበት፣ ጊዜ ይፈጃል" ብቻ አልኳቸውና ወደ ላፕቶፔ ግልበጣውን ጀመርኩ።

ያኔ ከታች ጩኸት መጣ። በመስኮት ሳይ ሽማግሌው መሬት ላይ ናቸው። አንድ ጎረምሳ በኤሌክትሪክ ገመድ ይገርፋቸዋል። ከአራተኛ ፎቅ የወረደች ሴት ውሃ ልትቀዳበት የነበረውን ባዶ ጀሪካን ጭንቅላታቸው ላይ ታሳርፋለች። ሌላው በጫማው ጎናቸውን ይረግጣል። እሳቸው አንድ ነገር ብቻ ይደጋግማሉ፦ "እሁድ ይመልሱታል፤ በፈጠራችሁ፣ እሁድ ይመልሱታል።"

ደረጃውን እንዴት እንደወረድኩት አላስታውስም። ጎረምሳውን በጥፊ አጮልኩት፤ ዞር ሲል ደገምኩት። ገፍትሮ ጣለኝ፤ ከንፈሬ የሲሚንቶው ጠርዝ ላይ ተሰነጠቀ። ተነስቼ ለሦስተኛ ጊዜ ስሰነዝር ሊቀመንበሩ መሀላችን ገቡ። "ማስረጃው እስኪወጣ ይቆለፍባቸው!" አሉ። ሽማግሌውን እየጎተቱ ባዶው የሞተር ክፍል ውስጥ ወረወሯቸው።

ወደ ቤቴ ተመለስኩ። ሌላ የማድንበት መንገድ አልታየኝም፤ ዲስኩ ከተከፈተ ይተርፋሉ፣ ካልተከፈተ እዚያው ይገድሏቸዋል። ግልበጣው የተጎዳው ቦታ ሲደርስ መንፏቀቅ ጀመረ። ከታች የብረት በሩ በተከፈተ ቁጥር የሚከተለውን ድምፅ እሰማለሁ። ደሜ ኪቦርዱ ላይ ይንጠባጠባል። ያንን ዲስክ በጥርሴ ብነክሰው ደስ ይለኝ ነበር።

በመጨረሻ አለቀ። ዲስክ ሲዘጋጅ ያቺ መግቢያ አንድ ቦታ ብቻ አትጻፍም፤ አንዷ ብትጠፋ በሌላዋ እንዲገባ መጠባበቂያዎቿ ራቅ ራቅ ብለው ይቀመጣሉ። ግልባጩን ከመጠባበቂያዎቹ በአንዱ ተነስተህ ራስህን ጠግን አልኩት። ላስተካክል ወይ እያለ ጠየቀኝ፤ አዎ፣ አዎ፣ አዎ አልኩት። እንደገና ማውንት አዘዝኩ። ምንም መልስ የለም። ሊኑክስ ሲሳካለት ዝም ነው የሚለው፤ እኔ ግን ጮህኩ።

ላፕቶፑን ዲስኩ እንደተሰካበት ተሸክሜ ወረድኩና ደረጃው ላይ አስቀመጥኩት። ሁሉም ከበቡኝ። ቪዲዮው ላይ ዓርብ አመሻሽ ነው፤ ጸሐፊው ከፊት፣ ሁለት ሠራተኞች ከኋላ። ሽማግሌው መጀመሪያ ባትሪ ያበራሉ፣ ከዚያ ራሳቸው ሞተሩን በትከሻቸው ደግፈው ባጃጅ ላይ ያስጭናሉ።

ገመድ የያዘው ጎረምሳ ገመዱን ከጀርባው ደበቀ።

"ተሳስተናል። ይበቃል፣ አጥፊው" አሉ ሊቀመንበሩ።

አላጠፋሁትም። የመጨረሻውን ቅጂ ከፈትኩ። ቅዳሜ ጠዋት ነው። ገመዱ አለ፣ ጀሪካኑ አለ። ሽማግሌው ወድቀው ሳለ ሊቀመንበሩ ሮጠው መጥተው አፋቸውን በጫማ ሲመቱ ይታያል።

"ይቺን ቆርጠሽ አጥፊያት። ጎረቤታሞች ነን" አሉ።

"እሳቸውስ የማን ጎረቤት ናቸው? አላጠፋም፣ አንተ አረመኔ!" አልኩት። አንተ ስለው ያ የመጀመሪያዬ ነበር።

ዲስኩን ከነኬብሉ ነጥቆ የደረጃው ብረት ላይ አላተመው። ደጋግሞ አላተመው፤ ሽፋኑ ተፈልቅቆ ውስጡ እስኪረግፍ ድረስ። ሲጨርስ እያለከለከ ቀና አለ። ስክሪኑ ላይ ድብደባው ቀጥሏል። ስብርባሪውን በእጁ እንደያዘ የገዛ እግሩን እዚያ ያይ ነበር።

የሞተሩን ክፍል ከፈትኩ። ሽማግሌው ጥግ ላይ ተኮራምተዋል፤ አንድ ዓይናቸው ተደፍኗል፣ መንጋጋቸው ተንጋዷል። ላነሳቸው እጄን ስዘረጋ ጭንቅላታቸውን በክንዳቸው ከለሉ። እኔም ልመታቸው የመጣሁ መሰላቸው። ያችን እንቅስቃሴ እስከ ዛሬ ሳስታውሳት ያመኛል።

ያን ቀን ከእሳቸው ጋር ሆስፒታል ዋልኩ፤ አደርኩም። እሁድ ጠዋት ፖሊስ ጣቢያ የምወስደውን ግልባጭ ላነሳ ስመለስ አንድ ባጃጅ በራችን ላይ ቆመ። ቪዲዮው ላይ ካየናቸው ሠራተኞች አንዱ ሞተሩን አቅፎ ወደ ክፍሉ ገባና ወለሉን ሲያይ ቆመ። ደሙን ማንም አላጠበውም፤ የሚያጥቡበት ውሃ አልነበረም።

"ያ ደግ ሽማግሌ የታሉ?" አለኝ።

ሰዎች በየመስኮቱ ቆመው ያያሉ።

"እሁድ አመጣዋለሁ ብያቸው ነበር እኮ" አለ ግራ ገብቶት። "ዛሬ እሁድ አይደለም እንዴ?"

"ነው" አልኩት። ሞተሩን እዚያው አስቀምጦ ከእኔ ጋር ፖሊስ ጣቢያ እንዲሄድ ለመንኩት።