ብረቷን ያወለቀው ማን ነው

ወገኖቼ፣ የጌታ ሰላም ይብዛላችሁ። አንተ ወንድም፣ እስኪ ይቺን ማይክ ትንሽ ዝቅ አድርጋት፤ ቁመቴን እያየኸው! እንዲህ፣ ተባረክ። ዛሬ የወጣሁት ልመሰክር ነው። ስንት ዓመት ሆዴ ውስጥ ይዤው የኖርኩት ነገር ነው። እኔን አስናቀችን ሽንኩርት ተራ የምታውቁኝ ታውቁኛላችሁ፤ አፌ አያርፍም። በዚህ ጉዳይ ግን አፌ ተዘግቶ ነበር። ዛሬ ጌታ ከፈተው፣ ስሙ ይባረክ! ስጨርስ አንዳንዶቻችሁ ፊታችሁን ታዞሩብኝ ይሆናል። ይሁን። ብቻ እስክጨርስ ታገሱኝ።

ባለፈው እሑድ አንዲት ወጣት እናት እዚህ በር ላይ ያዘችኝ። የታመመ ልጅ አቅፋለች። "እትዬ፣ እግዚአብሔር የሚወደን ከሆነ ምንም የማያውቅ ሕፃን ለምን ይሰቃያል?" አለችኝ። ምን ልበላት? እኔ ሰባኪ አይደለሁም። "ቆይ ልጄ፣ የእኔን እነግርሻለሁ" ብያት ገባሁ። ይኸው ዛሬም መጥታለች፣ ኋላ ተቀምጣ አየኋት። እህቴ፣ ለአንቺ ነው የምናገረው። ለሌሎቻችሁም ነው።

እኔ ያደግሁት በኦርቶዶክስ ቤት ነው። አባቴ ከመንዝ መጥተው ናዝሬት የቀሩ ሰው ነበሩ። ጴንጤ የሚባል ነገር አልወድም ነበር። እንደውም ልንገራችሁ፣ በእናንተ ቤት በኩል ሳልፍ አማትቤ እንትፍ እል ነበር። አትሳቁ እንጂ! ነውር ነው፣ ግን እውነት ነው። ባለቤቴ በደርግ ጊዜ ጦር ግንባር ሄዶ እንደወጣ ቀረ። የቀረችኝ አንድ ልጅ ናት፣ ሰናይት። ከዓለም ጤና ከተማ ሽንኩርት እያመጣሁ ናዝሬት ገበያ እየሸጥኩ አሳድጋት ነበር።

አራት ዓመት ሲሆናት አተኮሳት። ሁለት ቀን ትኩሳት፣ ሦስት ቀን ትኩሳት። በአራተኛው ቀን ጠዋት ከአልጋ ስትወርድ ቀኝ እግሯ አልሸከም አላት። ተሸክሜያት ሐኪም ቤት በረርኩ። ዶክተሩ እግሯን አነሣው፣ ለቀቀው፤ አነሣው፣ ለቀቀው። "እናት፣ ፖሊዮ ነው። ነፍሷ ተርፋለች፣ እግሯ ግን እንደ ድሮው አይሆንም" አለኝ። "ምን አጠፋች?" አልኩት። "ምንም አላጠፋችም፣ በሽታ ነው" አለ። እኔ ደግሞ ይኼ መልስ አልበቃኝም። ያልወሰድኳት ጸበል የለም፣ ያልተሳልኩት ስለት የለም። በመጨረሻ አዲስ አበባ ከጭኗ እስከ ጫማዋ የሚታሰር የብረት ድጋፍ ተሠራላት። እሱን አድርጋ ቀስ እያለች፣ ግድግዳ እየያዘች ትሄዳለች። ሌሎች ልጆች ሲሮጡ በር ላይ ተቀምጣ ታያለች። እኔ ያኔ ወደ ሰማይ ቀና ብዬ "አንተ፣ እኔን አትመታም ነበር?" እለዋለሁ።

ታዲያ ጎረቤቴ እትዬ ወርቄ፣ ያው እዚህ ፊት ለፊት የተቀመጡት፣ "አስናቁ፣ ልጅቷን ይዘሽ ነይ፣ እንጸልይላት" አሉኝ። ያን ጊዜ እንደ ዛሬው በድምፅ ማጉያ የለም። ቤተ ክርስቲያኑን ደርግ አሽጎታል። እሑድ ከሰዓት በእትዬ ወርቄ ቤት አንድ በአንድ ይገባል፤ ደጅ ላይ ጫማ በዝቶ እንዳይታይ እያንዳንዱ ጫማውን ይዞ ይገባል። መዝሙሩ በሹክሹክታ ነው። ወጣቶች፣ እናንተ ይኼን አታውቁትም! ጸጥ ብሎ "ሃሌ ሉያ" ማለት እንዴት ጉሮሮ እንደሚያንቅ!

ሁለት እሑድ ሄድኩ። እውነቱን ልናገር፣ ደስ አለኝ። በተለይ አንድ ጋሽ ደበላ የሚባሉ ሰው ነበሩ፣ ሞጆ ቆዳ ፋብሪካ የሚሠሩ፣ የዚያ ጸሎት ሽማግሌ። ልጄን ሲያዩ ፊታቸው ይበራል። "ኢንታላ ኮ" ይሏታል፣ ልጄ ማለታቸው ነው። በሦስተኛው እሑድ ከአርሲ ነገሌ የመጣ ወንድም "እኛ ጋ ሽባ ተነሣች" ብሎ መሰከረ። ቤቱ በሙሉ ጋለ። ጋሽ ደበላ እያለቀሱ ተነሡና ልጄ ፊት ተንበረከኩ። የብረቱን ጠፍር መፍታት ጀመሩ። "ታምኛለሽ?" አሏት። "አምናለሁ" አለች። ስድስት ዓመቷ ነው እኮ! ብረቱን አውልቀው ወደ ጎን አስቀመጡት። "በኢየሱስ ስም ተነሺና ሂጂ!"

ተነሣች፣ ወገኖች። ተነሥታ እጇን ወደ እኔ ዘረጋች። አንድ እርምጃ ሞከረች፣ ወዲያው በፊቷ ሲሚንቶው ላይ ተደፋች። አገጯ ተሰነጠቀ፣ አፏ ደም ሆነ። ሳነሣት ምን እንዳለችኝ ታውቃላችሁ? "እማዬ፣ ይቅርታ። አምኜ ነበር እኮ።" አላመመሽም ወይ ስላት እንኳ የምትለው እሱን ነው። "አምኜ ነበር እኮ።"

አንድ ሰው ከጥግ "ምናልባት በቤቱ ውስጥ ንስሐ ያልተገባበት ነገር ይኖር ይሆናል" አለ። አይ፣ እኔ በዚያች ደቂቃ የሆንኩትን! ጋሽ ደበላን "እርስዎ" ማለት ቀርቶ፣ "አንተ! ልጄን ጣልካት! አምላክህም አንተም ገደል ግቡ!" አልኳቸው። ብረቱን በአንድ እጄ ልጄን በሌላው ይዤ ወጣሁ። ቤት ገብተን ፊቷን ሳጥባት ቀና ብላ አየችኝ። "እማዬ፣ እግዚአብሔር ለሌሎቹ ልጆች ብቻ ነው እንዴ?" አለችኝ።

እህቴ፣ እግሯ አልሸከም ሲላት እንዲህ አላመመኝም። እግር ብረት ያቆመዋል። ልጅ በዚህ ዕድሜዋ "እኔ የማልወደድ ነኝ" ብላ ካመነች ግን በምን ታቆሚያታለሽ? እኔ የፈራሁት እሱን ነው፣ ዕድሜዋን ሙሉ ይኼን ይዛ እንዳትኖር።

አሁን ነው ከባዱ። ሰኞ ጠዋት፣ ገበያ ሳልወጣ፣ ቀጥ ብዬ ቀበሌ ሄድኩ። "ጓድ ሊቀመንበር፣ እሑድ ከሰዓት እትዬ ወርቄ ቤት እነዚያ የመጤ ሃይማኖት ሰዎች ይሰበሰባሉ" አልኩት። "ደግ አደረግሽ፣ ጓድ አስናቀች" አለኝ። አዎ። እኔ ነኝ። የዚያን ጊዜ የጠቆመው ማን ነው ስትባባሉ የኖራችሁት፣ እኔ ነኝ።

ዝም አትበሉብኝ። እሺ፣ ዝም በሉ፣ ልቀጥል።

ከቀበሌ ስመለስ አንጀቴ ቅቤ እንደጠጣ ነበር። ቤቴ ስደርስ ጋሽ ደበላ ደጃፌ ላይ ባርኔጣቸውን ይዘው ተቀምጠዋል። "አስናቁ፣ አንቺን ሳይሆን ልጅቷን ፈልጌ ነው የመጣሁት፣ ከፈቀድሽልኝ" አሉ። በሩን አልዘጋሁባቸውም፤ እሳቸውም ገቡ። እሷ ፊት እንደገና ተንበረከኩ። "ኢንታላ ኮ፣ አንቺ አምነሽ ነበር፣ አላጠፋሽም። ብረቱን ያወለቅሁት እኔ ነኝ። እግዚአብሔር አላወለቀውም። እኔ ቸኮልኩ፣ ሰው ፊት መታየት ፈለግሁ። ይቅር በይኝ።" ያን የሚያህል ሽማግሌ! እሷ አየቻቸውና "ታዲያ እግሬን ማን አሳመመው?" አለች። "ሂን ቤኩ" አሉ። "አላውቅም፣ ልጄ። በእውነት አላውቅም።" አለቀሱ። ከዶክተሩም፣ ከጸበሉም፣ ከጴንጤዎቹም ሁሉ አላውቅም የሚል ሰው ያን ቀን ገና አየሁ።

ጠፍሩ በውድቀቱ ተበጥሶ ነበር። ማክሰኞ ጠዋት ለስላሳ ቆዳ አምጥተው አዲስ ሰፉላት። ብረቱ እስኪላመዳት ድረስ ብለው አዝለው ትምህርት ቤት ወሰዷት። ሥራቸው ከሰዓት ነበር። ረቡዕም፣ ሐሙስም፣ ዓርብም መጡ። "ጋሼ፣ ቆዳ ቆዳ ትሸታለህ" ትላቸዋለች። "አንቺም ሽንኩርት ሽንኩርት ትሸቻለሽ" ይሏታል። ሲሳሳቁ ከቤት ውስጥ እሰማለሁ። አራት ጠዋት፣ ወገኖች! አንድ ቃል ማለት ይበቃኝ ነበር። "ጋሽ ደበላ፣ እሑድ አትሰብሰቡ" ማለት። ፈራሁ፣ ኩራትም ያዘኝ። አልተናገርኩም።

እሑድ ከሰዓት በሬን ዘግቼ ተቀመጥኩ። የአብዮት ጠባቂዎቹን ጩኸት ሰማሁ። አሥራ አንድ ሰው ወሰዱ፤ አንዷ የሚጠባ ልጅ ይዛ ነበር። ሰኞ ጠዋት ልጄ ብረቷን አድርጋ፣ ቦርሳዋን አንግታ ደጃፍ ላይ ተቀመጠች። "ጋሼ ዛሬ ዘገየ" አለች። የትምህርት ቤቱ ደወል እስኪያልፍ ጠበቀች። ለሁለት ዓመት "ንጹሑን ለምን ታሰቃያለህ?" እያልኩ እግዚአብሔርን ስከስ ኖሬ፣ በአንድ ሳምንት አሥራ አንድ ንጹሕ ሰው ያሰቃየሁት እኔ ሆንኩ። ፖሊዮውን ማን እንዳመጣው ዛሬም አላውቅም። ያንን ግን ማን እንዳመጣው አውቃለሁ።

በሁለተኛው ሳምንት ምግብ ቋጥሬ እስር ቤቱ ሄድኩ። ጋሽ ደበላ በአጥሩ ማዶ መጡ፤ ውስጥ እግራቸው ተገርፎ በተረከዛቸው ነበር የሚራመዱት። ገና ሳይደርሱ "ልጅቷን ማን እየወሰዳት ነው?" አሉኝ። ጌታ ሆይ! ሰላምታ እንኳ አላስቀደሙም። እኔ ሽቦውን ይዤ "እኔ ነኝ የጠቆምኩት" አልኳቸው። ፊታቸው ጠቆረ። ዞር ብለው ምግቡን ሳይቀበሉ ገቡ።

በሚቀጥለው ዓርብ ለምን እንደሄድኩ አላውቅም፤ እግሬ ወሰደኝ። መጡ። "ሳምንቱን ሙሉ ተናድጄብሻለሁ" አሉኝ። "ጌታንም ለምን ብዬ ጠየቅሁት። አልመለሰልኝም። ግን እዚያ ሲሚንቶ ላይ ብቻዬን አልተወኝም። አስናቁ፣ ይቅር ብዬሻለሁ። ለማንም አልናገርብሽም። አንቺ ግን ልጅቷን ራስሽ አዝለሽ ውሰጃት፤ ሽንኩርቱ ይቆይ።" እኔም "ጋሼ፣ የእርስዎን ጌታ እፈልጋለሁ" አልኩ። በሽቦው መካከል በሹክሹክታ ጸለዩልኝ። ዘበኛው "ጊዜው አልቋል!" እያለ ይጮሃል። አሜን ሳልል ገፍቶ አስወጣኝ፤ አሜን ያልኩት አስፋልቱ ላይ ነው። ሃሌ ሉያ! ጌታ እዚያም ሰማ!

ልጄን አዘልኳት። አንድ ቀን በመንገድ ላይ ከጀርባዬ ሆና "እማዬ፣ ጋሼ ምንም አላጠፋም አይደል?" አለች። "ምንም" አልኳት። "እግዚአብሔር ይወደዋል?" "በጣም።" አገጯን ትከሻዬ ላይ አደረገች። "እሱ ታስሮም ከወደደው፣ እኔም እግሬ አሞኝም ይወደኛል ማለት ነው" አለች። በቃ! መንገዱ መሐል ቆሜ አለቀስኩ፣ ወገኖች። ዶክተር ያልመለሰልኝን፣ ቄስም ያልመለሰልኝን፣ የስድስት ዓመት ልጅ ጀርባዬ ላይ ሆና ነገረችኝ። ጌታ ይክበር!

እግሯ አልዳነም። ልደብቃችሁ አልችልም፣ ዛሬም ብረቱን ታደርጋለች፤ ይኸው አስተማሪ ሆና መካከላችሁ ተቀምጣለች። አብሯት ያድጋል ብዬ የፈራሁት ነገር ግን የለም። ልቧ ድኗል፣ የእኔም ልብ ድኗል፣ አመሰግነዋለሁ፣ አመሰግነዋለሁ!

እህቴ፣ አንቺ ኋላ ያለሽው፣ ለምን ብለሽ ጠይቂው። አይቆጣም። መልስ ባታገኚም አትሂጂ። የልጅሽን መድኃኒትም እንዳታቋርጪ፣ ማንም ቢልሽ! ልጅሽን ይዘሽ ወደ እሱ ቅረቢ፤ እኔን የመሰለችውን የተቀበለ ጌታ አንቺን አይመልስሽም።

ጋሽ ደበላ ስምንት ወር ታሥረው ወጡ። ቃላቸውን ጠብቀው አምና እስኪያርፉ ድረስ ለማንም ትንፍሽ አላሉም። እሳቸው ዝም አሉልኝ፣ እኔ ግን በእሳቸው ዝምታ ተሸሽጌ መሞት አልፈልግም። ከአሥራ አንዱ ስድስታችሁ እዚህ አላችሁ። እትዬ ወርቄ፣ እርስዎ አራት ወር ታሠሩ፤ ጉልበትዎ እዚያ ሲሚንቶ ላይ ነው የቀረው። የተፈቱ ዕለት መጀመሪያ ያቀፉት እኔን ነበር፣ ሳያውቁ። ይቅርታ እጠይቃለሁ። ከጉባኤው በኋላ በር ላይ እቆማለሁ፤ የፈለጋችሁትን በሉኝ፣ ዝም ብላችሁም እለፉኝ፣ አልቀየምም።

ይኼው ነው ምስክርነቴ። ጌታ ስሙ… ኧረ እትዬ ወርቄ፣ ይቀመጡ! የት ነው የሚሄዱት? ደግፏቸው እንጂ፣ አንቺ ልጅ ያዣቸው! እትዬ፣ ተዉ፣ ወደ እኔ የሚያስወጣው ደረጃ ያስቸግርዎታል። ተዉ በሞቴ፣ እዚያው ይቁሙ። እኔ እመጣለሁ። እኔ እመጣለሁ።