ከበሩ ውጭ የቆመው ተማሪዬ

ያሰሩኝ ክፍል ቀድሞ ለፖሊስ ፈረሶች ድርቆሽ የሚከመርበት ነበር። ሱሉልታ ሜዳ ዳር ወዳለ ጣቢያ ወስደው በሩን ከፍተው ገፋ ሲያደርጉኝ መጀመሪያ የተቀበለኝ አቧራው ነው። ሦስት ጊዜ አከታትሎ አስነጠሰኝና፣ የሚገርመው፣ «ይማርህ» የሚለኝ ሰው ጠበቅኩ። ማንም አላለኝም። በሩ ተዘጋ።

ጊዜው በጃንሆይ ዘመን፣ የጢሰኛ ነገር በየቦታው መነሳት የጀመረበት ነው። እኔ የሃያ ስድስት ዓመት መምህር ነበርኩ። ጥፋቴ አንድ አቤቱታ መጻፍ ነው። ሜዳውን ለወተት ላሞች የፈለጉ አንድ ባለርስት ጢሰኞቻቸውን ሊያስነሱ ሲሉ፣ ገበሬዎቹ ተሰብስበው ቤቴ መጡ፤ እኔም ጻፍኩላቸው። አሳምሬ ነበር የጻፍኩት። ያሳሰረኝም ማማሩ ሳይሆን አይቀርም፤ የጣቢያው ሻምበል ወረቀቱን ይዞ «ይህንን ገበሬ አልጻፈውም» እያለ ነው ትምህርት ቤት ድረስ የመጣው።

በእኔ ላይ የተሰጠው ትእዛዝ አንድ ነበር፤ ከዚህ ሰው ጋር ማንም ወሬ እንዳያወራ። ከግቢው ማዶ ሌሎቹ እስረኞች የታጎሩበት ሰፊ ክፍል አለ። ሌባውም፣ በሠርግ ላይ ሰክሮ ሰው የፈነከተውም አንድ ላይ ናቸው። መሬት ቆፍረው ገበጣ ሲጫወቱ፣ ሲሳሳቁ፣ ሲሰዳደቡ ይሰማኛል። ስድባቸው እንኳ ያስቀናኝ ነበር። አንዲት የጢሰኛ ሚስት በየሁለት ቀኑ ዳቦና እርጎ ይዛ እየመጣች፣ ከግቢው በር ላይ ሆና «አካም ጅርታ፣ ባርሲሳ?» ትለኝ ነበር፤ እንደምን አለህ፣ መምህር ማለቷ ነው። በሁለተኛው ሳምንት ሰላምታዋንም ከለከሏት። ከዚያ በኋላ ዳቦው ብቻ መምጣት ቀጠለ።

ሰው ብዙ ቀን ካልተናገረ ጉሮሮው ይዘጋል። ከራሴ ጋር በአማርኛ ማውራት ደግሞ ፈራሁ፤ የእብደት መጀመሪያ መሰለኝ። ስለዚህ ፈረንሳይኛ መከለስ ጀመርኩ። ከመታሰሬ በፊት ውጭ አገር የመማር ዕድል ይገኝ ይሆናል በሚል ተስፋ፣ አዲስ አበባ ለጥቂት ወራት የማታ ትምህርት ተከታትዬ ነበር። የደረስነው መደበኛ ግሦች በአሁን ጊዜ እንዴት እንደሚረቡ ድረስ ነው። የኔ ፈረንሳይኛ ትናንትም ነገም አልነበረውም።

ከሰዓት በኋላ፣ ፀሐይ በበሩ ስንጥቅ ስትገባ፣ ተነስቼ እቆማለሁ። መናገር ከሚለው ግሥ፣ ከ«ፓርሌ» እጀምራለሁ። ዠ ፓርል፣ ቱ ፓርል፣ ኢል ፓርል፣ ኑ ፓርሎን፣ ቩ ፓርሌ፣ ኢል ፓርል። እኔ እናገራለሁ፣ አንተ ትናገራለህ፣ እያለ እስከ እነሱ ይወርዳል፤ «እሱ»ና «እነሱ» ሲጠሩ ድምፃቸው አንድ ነው። እንዲህ እያልኩ አሥር ግሥ ያህል አወርድና እቀመጣለሁ።

አንድ ቀን ሐሳቤ ሄዶ አንዱን መደብ ዘለልኩት። ከበሩ ውጭ ድምፅ መጣ።

«አንዱ ጎደለ።»

በስንጥቁ አየሁ። ከሰዓት በኋላ የሚቆመው ዘብ ነው፤ አርባ አምስት ዓመት የሚሆነው፣ ጠመንጃውን እንደ መቋሚያ የሚደገፍ ሰው።

«ምን አሉ?» አልኩት።

«ሲወርድ የሰነበተው ስድስት ስድስት ነው። ዛሬ አምስት ሆነ። ግሥ ነው አይደል?»

«ግሥ ነው።»

«ስንት አርእስት አለው?»

በስንት ዓይነት ይከፈላል ማለቱ ነው። «ሦስት» አልኩት።

«የግዕዙ ስምንት ነው» አለ፣ ትንሽ ኮራ ብሎ። ጎጃም ቅኔ ቤት ዘጠኝ ዓመት ቆይቶ፣ ሳይጨርስ በዚሁ በሱሉልታ መንገድ ወደ አዲስ አበባ ወርዶ ፖሊስ እንደተቀጠረ ነገረኝ። ስለ ራሱ በአፉ የነገረኝ ይኸው ነው። ወዲያው ድምፁን አጠነከረ። «ወሬ ክልክል ነው፤ እኔ ታዛዥ ነኝ። ግሥ ማውረድ ግን ወሬ አይደለም። እኛ ዘንድ ተማሪ ቃሉን ሲያሰማ አወራ አይባልም። በል ቀጥል።»

እንዲህ ሆነን ጀመርን። እኔ እላለሁ፣ እሱ ይቀበላል። እንደ ቅኔ ቤት ልማዱ እየተወዛወዘ ስለሆነ የሚማረው፣ የጠመንጃው ሰደፍ ከበሩ ጋር ይጋጫል። በሦስት ቀን ውስጥ እኔ በወራት የተማርኩትን ጨረሰው። «ር»ን ፈረንሳዮቹ በጉሮሮ ነው የሚሏት ብዬ ብነግረውም አልሰማኝም፤ ጥርት አድርጎ እንደ ጎጃም ሰው ነው የሚጠራት።

ወሬ ሊገባ ሲል ግን ዝም ይላል። «ውጭው ዝናብ ነው?» ስለው መልስ የለም። «ልጆች አለዎት?» ስለው «ቀጥል» ይለኛል። እኔም ሰውየውን በሚጠይቀኝ ግሥ ማወቅ ጀመርኩ። «ማረስ እንዴት ነው?» ብሎ ጠየቀኝ፤ «ላቡሬ» አልኩት። በማግስቱ «መሸከም?» አለ። እየቆየ ያን ሰዓት ከጠዋት ጀምሮ የምጠብቅ ሆንኩ። ሌላ ዘብ ሲተካው ያ ቀን ይረዝምብኛል።

አንድ ሰኞ አርፍዶ መጣ። ጠመንጃውን ተደግፎ ቆመና «ማልቀስ ይኖራል?» አለ።

«ይኖራል። ‹ፕለሬ›።»

«እንደ ሌሎቹ ነው የሚረባው?»

«እንደ ሌሎቹ ነው።»

አወረደው። ከእኔ ጀምሮ እስከ እነሱ ድረስ አንድም ሳይዘል ወረደና እንደገና ከላይ ጀመረ። አራት ጊዜ ደገመው። «ማን ሞተብዎት?» አልኩት። ለአምስተኛ ጊዜ ከላይ ጀመረ። ግንባሬን በሩ ላይ አስደግፌ አብሬው ማለት ጀመርኩ፤ ሌላ የማደርግለት አልነበረኝም። ከታሰርኩ ጀምሮ እንደዚያን ቀን ከፍቶኝ አያውቅም።

በዚያው ሳምንት ሻምበሉ ከዘቡ ኋላ መጥቶ ሲሰማን አላየነውም። ሁለታችንንም ቢሮው አስገባን።

«ምን መልእክት ነው የምትቀባበሉት?»

«ትምህርት ነው፣ ጌታዬ» አለ ዘቡ።

ሻምበሉ ሳቀ። ሚሲዮን ትምህርት ቤት ፈረንሳይኛ የቀማመሰውን የጣቢያውን ጸሐፊ አስጠራና «ትምህርት ከሆነማ ይወጣዋል። ያላስተማረውን አንድ ግሥ ስጠው» አለው። ጸሐፊው አሰበና «ትሩቬ፤ ማግኘት» አለ።

እውነትም አላስተማርኩትም። ዘቡ ዓይኑን ጨፈነ። ትንሽ ተወዛወዘና ጀመረ፤ ዠ ትሩቭ፣ ቱ ትሩቭ፣ ኢል ትሩቭ፣ ኑ ትሩቮን፣ ቩ ትሩቬ፣ ኢል ትሩቭ። ጸሐፊው ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ልክ ነው፣ ጌታዬ» አለ። እስረኛ መሆኔን ረስቼ ኮራሁ።

ሻምበሉ በጸሐፊው ፊት መሸነፉ አናደደው። ወረቀት አስጻፈና ወደ እኔ ገፋው። ዘቡ በእኔና በጢሰኞቹ መካከል ደብዳቤ ሲያመላልስ ነበር ይላል።

«ፈርም። ዛሬውኑ ወደ ማዶ ክፍል ትዛወራለህ፤ ከሰው ጋር ትሆናለህ።»

«እሳቸውስ?»

«የሱን ለኛ ተወው።»

ብዕሩን አነሳሁ። ይህንን እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገርኩም። አነሳሁት፣ ክዳኑንም ከፈትኩ። ከማዶ አንዱ በገበጣ አሸንፎ ሲጮህ፣ ሌሎቹም ሲስቁበት ሰማሁ። ያን ጊዜ የሚያወራኝ ሰው ከመፈታት ይበልጥብኝ ነበር። ዘቡ ቀጥ ብሎ ቆሟል፤ አያየኝም። እንዳልፈርም በዓይኑ ቢለምነኝ ይቀለኝ ነበር። ክዳኑን መልሼ ገጠምኩና ብዕሩን ወረቀቱ ላይ አጋደምኩት።

«ያልሆነ ነገር ነው፣ ጌታዬ። እኔ ግሥ ነው ያስተማርኳቸው።»

«እንግዲያው እዚያው ብቻህን ሻግት።»

ዘቡን ቀበቶውን አስፈቱት። ወደ ሌላ ጣቢያ ተወስዶ ቅጣቱን እንዲጠብቅ ተባለ። ሊያስወጡት ሲሉ ዞር አለ፣ ቆቡን አወለቀ፣ መጥቶ ከፊቴ አጎነበሰና ጉልበቴን ነካ። ዕድሜው አባቴ ለመሆን ትንሽ ነው የቀረው።

«የኔታ፣ ይመርቁኝ» አለኝ።

ቅኔ ቤት ተማሪ ከመምህሩ ሲለይ የሚለው ነው። እስከዚያ ቀን አንቱ ብሎኝ አያውቅም ነበር። እኔ ደግሞ በምን አፌ እንደምመርቀው ግራ ገባኝ፤ በልጅነቴ ዳዊት ያስተማሩኝ ቄስ የሚሉት ትዝ አለኝ።

«ምሥጢሩን ይግለጥልህ» አልኩት። ሻምበሉ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዙሮ ነበር። እስክንጨርስ ድረስ አልዞረም።

ከዚያ በኋላ አራት ወር ብቻዬን ቆየሁ። አዲሱ ዘብ ግሥም ወሬም የማይወድ ነበር። ጀግና እንዳልመስል ልናገር፤ በመጀመሪያው ሳምንት ባለመፈረሜ በየቀኑ ተጸጽቻለሁ። ከእስር ስወጣ ሰውየውን በየጣቢያው አጠያየቅኩ፤ ስሙን ግን አላውቀውም ነበርና ማንን እንደምፈልግ ማስረዳት አልቻልኩም።

አሁን ቡራዩ ነው የምኖረው። ባለቤቴ ካረፈች፣ ልጆቼም ጎጆ ከወጡ ቆይቷል። ጎረቤቶቼ ማታ ማታ ብቻዬን መቀመጤን አይተው ያዝኑልኛል። ብቸኝነት ይከብዳል፣ አልዋሽም፤ ያኔም ከብዶኝ ነበር፣ አሁንም ይከብደኛል። አብሬው በምቀመጠው ሰው፣ በራሴ፣ ግን አላፍርም።