የጋዝ ወጥ የማይጥመው ዶክተር

ዶክተር ይድነቃቸው ይባላል። ድሮ አንቱ እለው ነበር፤ አሁን ትቼዋለሁ። ሥራው መንግሥታትን ስለ ንጹህ ኃይል ፖሊሲ ማማከር ነው። በፈረንጆቹ ሁለት ሺህ አንድ ናይሮቢ መጣ፣ ኪሌሌሽዋ የሚባል ሰፈር አራተኛ ፎቅ ላይ ተከራየ፣ ከዚያ ወዲህ ያልገባበት አዳራሽ የለም። ዛሬ ካምፓላ ነው፣ ነገ ኪጋሊ። "እናቶች ከጭስ ይላቀቁ" ብሎ ይናገራል፣ ይጨበጨብለታል፣ አበሉን ተቀብሎ ይመለሳል። ንግግሩን ግን ያውቅበታል። እኔን እንኳ አንድ ጊዜ አስለቅሶኛል፣ ምን ዓይነት ሞኝ ነበርኩ።

እኔ ሙሉመቤት ነኝ፤ እዚያው ናይሮቢ፣ ሳውዝ ሲ ሰፈር፣ ምግብ ቤት አለኝ። የእህቴን ልጅ ዓይናለምን እሱ ቤት ያስገባኋት የመኖሪያ ወረቀቷን አስጨርስላታለሁ ስላለኝ ነው። ትልልቅ ሰዎች አውቃለሁ፣ አንድ ስልክ ይበቃል አለ። እሷ ታበስላለች፣ እሱ ይደውላል፤ ስምምነታችን ይኸው ነበር። ሁለት ዓመት አበሰለች። ስልኩ እስካሁን አልተደወለም።

ወጥ ቤቱ ውስጥ የሚያብረቀርቅ የጋዝ ምድጃ ተገትሯል፤ የተጠቀለለበት ላስቲክ እንኳ አልተላጠም። ዓይናለም የምታበስለው ግን በረንዳ ላይ፣ በከሰል ነው። ለምን ቢሉ፣ ጌታው የጋዝ ወጥ አይጥመውም። "ዶሮ በጋዝ ከተሠራ ሾርባ ነው" ይላል። እኔ ጋ በጋዝ የተሠራ ወጥ ቀምሶ ሳህን የመለሰ ደንበኛ አላየሁም፤ የእሱ ምላስ ከየት እንደመጣ እንጃ። ዝናብ ሲሆን በረንዳው በሸራ ይጋረዳል፣ ጭሱ መውጫ ያጣል፣ ልጅቷ እዚያ ውስጥ ሽንኩርት ታቁላላለች።

ማሳል ጀመረች። መጀመሪያ ጉንፋን ነው አልን። ኋላ ደረጃ ስትወጣ መሃል ላይ መቀመጥ ስታመጣ ሐኪም ጋ ወሰድኳት። "ከጭስ ካልራቀች ሳንባዋ አይመለስም" አለኝ፣ ፊት ለፊት። ይህንኑ ሄጄ ለይድነቃቸው ነገርኩት።

"እትዬ ሙሉ፣ በጣም አሳሳቢ ጉዳይ ነው" አለ።

ደስ አለኝ። ለካ እሱ የሚያወራው ስለ አፍሪካ ነው። በሳምንቱ ካሜራ ይዞ በረንዳው ላይ ወጣና ስታበስል ፎቶ አነሳት። የጋዝ ሲሊንደር ግን አልገዛም።

ያማከረበት የንጹህ ኃይል ፖሊሲ የጸደቀ ዕለት፣ ሆቴል ውስጥ ካስመረቀው በኋላ፣ እንግዶቹን ቤቱ ምሳ ጠራ። እንጀራውን ያመጣሁት እኔ ነኝ። ሳሎን ስገባ ግድግዳውን የሞላ ባነር ተሰቅሏል። ዓይናለም ናት። ከሰሉ ላይ ጎንበስ ብላ፣ ዓይኗን ጨፍና፣ በነጠላዋ አፏን ይዛለች። ከሥሯ በእንግሊዝኛ "ይህች እናት ፖሊሲ እየጠበቀች ነው" ይላል። ልጅቷ አላገባች፣ አልወለደች፤ እሱ ግን እናት አድርጓታል።

እንግዶቹ ባነሩ ሥር ቆመው ጁስ ይጠጣሉ፤ ከበረንዳው ሳል ይሰማል። አንዲት ኬንያዊት እንግዳ ሳሉን ተከትላ ሄዳ መጋረጃውን ገለጠች። ልጅቷን አየች፣ ዞራ ባነሩን አየች።

"ዶክተር፣ ይቺ እሷ አይደለችም እንዴ?" አለችው።

"ይሄማ ባህላችን ነው" አለና ሳቀ። ሴትዮዋም ሳቀች፣ ሁሉም ሳቁ። አንዱማ ሽታው ሆዴን አባባው አለ። ያኔ ደሜ ፈላ። በረንዳው ላይ ወጣሁና ማራገቢያውን ከእጇ ወሰድኩ።

"ተነሺ፣ እንሂድ" አልኳት።

"ወረቀቴስ?" አለችኝ። አንጀቴን በላችው።

"መጀመሪያ ተንፍሺ።"

በሩ ላይ ደረሰብን። ድምፁን ዝቅ አድርጎ "እትዬ ሙሉ፣ እንግዳ ፊት አያዋርዱኝ። ወጡ እኮ ገና አልወረደም" አለኝ።

"አንተ አውርደው" አልኩት። ማራገቢያውን እጁ ላይ አስቀመጥኩለት፤ አንቱታውም እዚያው ቀረ።

ታች ማታቱ ታክሲ ስንጠብቅ ከአራተኛ ፎቅ ሲያስል ይሰማን ነበር። ዓይናለም ቀና ብላ አየችና "ጭሱ በሚነፍስበት በኩል ቆሞ ነው፣ የት እንደሚቆም ማንም አላሳየው" አለች። አዘነችለት። እኔ ደግሞ በእሷ ተናደድኩ።

ወረቀቷን እኔው ተሰልፌ አስጨረስኩላት። አሁን እኔ ጋ ትሠራለች፣ በጋዝ። እሱ ሹመቱ ጨምሯል። እዚህ ምሳ ሊበሉ የመጡ ሰዎች እንደነገሩኝ ባለፈው አንድ ትልቅ ስብሰባ ላይ ቆሞ "የጭስን መከራ ከወረቀት አይደለም የማውቀው፣ በገዛ ሳንባዬ ቀምሼዋለሁ" ብሏል። አዳራሹ ተነስቶ አጨበጨበለት አሉ።

ይህን ለዓይናለም ስነግራት ሳቀች። ድሮ ስትስቅ ሳሉ መሃል ላይ ያቋርጣት ነበር። ጠረጴዛውን ተደግፋ እስኪበቃት ድረስ ሳቀች።