የካንዴሊታዋ ስባሪ

ናፍጣ ሞተር ብርድ አይወድም። ሌሊቱን ሲቀዘቅዝ ያደረ ሞተር ጠዋት ቁልፍ ስላዞርክ ብቻ አይነሳልህም፤ መጀመሪያ ውስጡን የምታሞቅለት ካንዴሊታ የምትባል ጣት የማታክል ብረት አለች። የእኔ አሮጌ ፒክአፕ አራት አላት። አንደኛዋ ከተቃጠለች ቆይታለች። ዛሬ ነገ እያልኩ ከርሜ፣ ነሐሴ ላይ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ መካነ ሰላም ቤቴ ደጅ ላይ ልፈታት ተቀመጥኩ። ዝጋለችና እንቢ አለች። እኔ ደግሞ እንቢ ሲሉኝ ደሜ የሚፈላ ሰው ነኝ። መፍቻው ላይ ቧንቧ ቀጥዬ ተንጠለጠልኩባት፤ ቀጭ አለች። ግማሿ እጄ ላይ ቀረች፣ ጫፏ ሞተሩ ውስጥ።

ጎረቤቴ መካኒክ ነው፤ መጥቶ አየና የሞተሩ ክዳን ወርዶ ስባሪው ካልተለቀመ እንዳላስነሳት አስጠነቀቀኝ። ለዚያ ደግሞ ደሴ ድረስ መጎተት ሊኖርባት ነው። ኧረ ተወኝ ብዬ ቀዳዳውን በብሎን ደፈንኩና እጄን ታጥቤ ገባሁ።

በማግስቱ ገና ጎህ ሲቀድ ስወጣ ጉሙ አጥሬን ውጦታል። ከጉሙ ውስጥ ነጠላቸውን ዘቅዝቀው የለበሱ እናት ቆመው አገኘሁ። ከኋላቸው ታናሽ ወንድማቸውና ሁለት ጎረቤቶቻቸው አሉ። ነገሩን የነገረኝ ወንድምየው ነው። የሴትዮዋ ልጅ አዲስ አበባ ሕንፃ ላይ ይሠራ ነበር፤ ከላይ ወድቆ ሞተ። አስከሬኑን ያመጣው መኪና ከዚህ ወዲያ ያለው የወግዲ መንገድ ጭቃ ነው ብሎ ማታ ሳጥኑን አራግፎ ተመልሷል። ሳጥኑ ቤተ ክርስቲያን ግቢ አድሯል፤ አገር ቤት መቃብሩ ተቆፍሮ፣ ቄሶቹ እየጠበቁ ነው። መኪናዬ ታማለች አልኳቸው። እናትየዋ ቀና ብለው አዩኝ።

«ታደርስልኛለህ ወይ፣ ልጄ?»

እንቢ የሚል አፍ ከየት ላምጣ? አብሽሩ አልኳቸው።

ባትሪዬን ስታገል ጨረስኩት። ዲናሞዬም እንኳን ሞቶ የተኛ ባትሪ ሊሞላ፣ መብራቱን ራሱ በግድ ነው የሚያበራው። መግፋት ሆነ። ብዙ ሰው መኪናዬን ገፍቶልኛል፤ ሳቅና ስድብ የሌለበት ግፊ ግን ያን ቀን ብቻ ነው ያየሁት። በመስታወቱ ሳይ እናትየዋም ሁለት እጃቸውን ብረቱ ላይ አድርገው ይገፋሉ። ቁልቁለቱ ላይ ጥቁር ጭስ ተፍታ ተነሳች። ከዚህ በኋላ አላጠፋሽም አልኳት።

ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ስንደርስ ሳጥኑ ዙሪያውን በሚስማር ተመቷል። ጫንነው። እናትየዋ ጋቢና ይግቡ ብላቸው እንቢ ብለው ከጎኑ ተቀመጡ፤ ጎረቤቶቻቸውም አብረዋቸው ከኋላ ሆኑ። ወንድምየው ከእኔ ጋር ገባ። ከከተማው ስንወጣ እንደ ሐሜት ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣

«ፊቱ ፊት አይደለም» አለኝ። «እናት ካየችው አትተርፍም።»

እሳቸው ደግሞ ልጄን ሳላይ አፈር አላለብሰውም ብለው ሌሊቱን ሲሟገቱት አድረዋል። እሱ ስንደርስ ያዩታል ብሎ አታልሏቸው ነው የተነሱት። ነዳጁን ረግጬ ነዳሁ።

የመጀመሪያው ዳገት ራስ ላይ ጉሙ ከመብራቱ ፊት ግድግዳ ሆነና ቆምኩ። ሞተሩ ዝቅ ብሎ ይሠራል። ያን ጊዜ ነው የሰማሁት።

ቋ። ቋ፣ ቋ። ዝም አለ። እንደገና ቋ።

ከኋላዬ ነው። ወላሂ፣ ከኋላዬ ነው የመጣው። ወንድምየው ዞሮ አየኝ፣ እኔም አየሁት። በኋላው መስኮት ስመለከት እናትየዋ ጆሯቸውን ሳጥኑ ላይ ለጥፈዋል። ጎረቤቶቹ ከሳጥኑ ሸሽተው ጥግ ይዘዋል። ነዳጁን ስረግጠው ድምፁ ጠፋ፤ ስለቀው ተመለሰ። የካንዴሊታዋ ጫፍ ነች፣ ሌላ ምን ልትሆን! ሞተሩ ውስጥ እየዘለለች ትመታለች፣ የመኪናው ወለል ድምፁን ይወስደዋል፣ ባዶ ቦታ ያለው ሳጥን ደግሞ ይቀበለዋል። ለወንድምየው እንዲህ ብዬ አስረዳሁት። ሳስረዳው ግን ድምፄ የእኔ አይመስልም ነበር።

መንገድ ዳር ካለ አንድ መንደር ስንደርስ ሰዎች ከጉሙ ወጥተው ቆመዋል፤ ክርስቲያኑም እስላሙም። ሬሳ ይዘህ ሊያለቅስ የወጣን ሰው ጥሰህ አታልፍም፤ ነውር ነው። ቆምኩ። ሴቶቹ ወዮ ብለው ጀመሩ፣ ወንዶቹ አንገታቸውን ደፉ። ሞተሩ ሲረጋጋ ድምፁ መጣ። ቋ፣ ቋ።

ልቅሶው ከፊት ከነበሩት ጀምሮ እየተቆረጠ ሄደ። አንዲት ሴት አማተበች። አንድ ሽማግሌ አስተግፊሩላህ እያሉ ወደ ኋላ ተራመዱ፤ ጉሙ መጀመሪያ እግራቸውን፣ ከዚያ ፊታቸውን ወሰደው። ሌሎቹም አንድ በአንድ እንዲሁ። ሞተሩ ነው ብዬ ልጮህ አፌን ከፈትኩ፣ ግን ለማን ልንገር? መንገዱ ላይ የቀረ ሰው አልነበረም።

ከዚያ በኋላ ላለመቆም እየተንደረደርኩ ነዳሁ። ወደ መንደራቸው የሚገነጠለው መንገድ አፍ ላይ፣ አቀበቱ መሃል፣ ጭቃው ጎማዬን ያዘውና ቆምን። ድምፁ ከመቼውም የባሰ ሆነ። ዘወር ስል እናትየዋ ከወለሉ ላይ ጎማ መፍቻ ብረቴን አንስተዋል። ጫፉን ከሳጥኑ ክዳን ሥር አስገብተውታል። ወንድምየው በሩን በርግዶ ወርዶ ከኋላ ተሰቀለ፤ እኔም ተከተልኩት። እጃቸውን ያዛቸው። አልታገሉትም፣ አልጮኹበትም።

«ልጄ እያንኳኳ ነው» አሉት ቀስ ብለው። «አንተም ትሰማዋለህ። ልቀቀኝ፣ ላውጣው።»

እሱ ሞተሩ መሆኑን ሊነግራቸው ሞከረ፣ እሳቸው ግን እንደ ሕፃን ልጅ ወሬ ነው የሰሙት። ሚስማሩ ጢጥ አለ፤ አንደኛው ጥግ ትንሽ ከፍ ብሏል። ወንድምየው ዞሮ አየኝና አጥፋው አለኝ። እንባው ጉንጩ ላይ ነበር።

ካጠፋኋት እንደማትነሳ ነገርኩት። አቀበት ላይ ነን፣ በጭቃው ላይ አራት ሰው አይገፋትም፣ መንደሩ ደግሞ ገና የአንድ ሰዓት ያህል የእግር መንገድ ይቀረዋል። ይህ ሁሉ እውነት ነው። ግን ሌላም ነገር ነበር፣ ለእሱ ያልነገርኩት። ባጠፋውና ድምፁ ባይቆምስ? ሃያ ዓመት ሞተር ስፈታ የኖርኩ ሰውዬ፣ ሳጥኑን ዞሬ እያየሁ ወደ ጋቢና ሄድኩ። ቁልፉን ይዤ ቢስሚላህ አልኩና አዞርኩት።

ሞተሩ ተንዘፈዘፈ፣ አንዴ ገፋ አደረገንና ሞተ።

እንዲህ ያለ ዝምታ ሰምቼ አላውቅም። ወፍ የለ፣ ነፋስ የለ፤ ጉሙ ብቻ በመስኮቱ ይገባል። ትንፋሼን ይዤ ጠበቅሁ። ከሳጥኑ ምንም አልመጣም። አልሐምዱሊላህ አልኩ በሆዴ፤ ወዲያው ደግሞ በራሴ አፈርኩ፣ ምክንያቱም ለእኔ እፎይታ የሆነው ነገር ለእሳቸው ምን እንደሆነ ያን ጊዜ ገባኝ።

ወርጄ ወደ ኋላ ስሄድ ብረቱን ለቀውታል። ጆሯቸው አሁንም ሳጥኑ ላይ ነው።

«አስነሳልኝ» አሉኝ።

እንቢ ማለት አቅቶኝ ተመልሼ ቁልፉን አዞርኩ። አቃሰተች፣ ደከመች፣ ዝም አለች። ደግሜ አዞርኩ። ሦስተኛው ላይ ድምፅም አልነበራትም።

ያን ጊዜ እናትየዋ እጃቸውን ጨብጠው በጣታቸው አንጓ ሳጥኑን አንኳኩ። ሁለት ጊዜ፣ ቀስ ብለው፣ የተኛ ሰው እንዳይደነግጥ እንደሚያደርግ ሰው። ጠበቁ። እንደገና አንኳኩና በስሙ ጠሩት፤ የቤት ስሙን፣ በልጅነቱ ይጠሩት የነበረውን መሰለኝ። ጠበቁ። እኛም አብረናቸው ጠበቅን፤ አላህ ይወቀው፣ እኔም መልስ ጠብቄያለሁ።

ከዚያ ቀና ብለው ወንድማቸውን አዩት።

«አልሰማኝም» አሉት።

ከፍ ያለውን የክዳን ጥግ በመዳፋቸው ተጭነው መለሱት። ነጠላቸውን አስተካከሉና በሉ ልጄን አንሱልኝ አሉ። ወንድምየውና አንደኛው ጎረቤት ከፊት፣ ሌላኛው ጎረቤትና እኔ ከኋላ ሆነን ትከሻችንን ሰጠነው። መኪናዬን በሯን እንኳ ሳልቆልፍ አቀበቱ መሃል ትቻት ሄድኩ። ጥቂት እንደተራመድን ነው እናትየዋ የጮኹት። ከአቀበቱ በታች፣ በጉሙ ከተዋጠ አንድ መንደር፣ ሴቶች ጩኸታቸውን ሰምተው መለሱላቸው።